ከግንባር በታች

በ1979 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ ፖሊስ ጣቢያ። ሃምሳ አለቃ ደምሰው ከብት ሰርቆ የተያዘውን ልጅ ቀና ብሎ አየና «ዕድሜ ሃያ» ብሎ ጻፈ። ጠይቆ አያውቅም። ግንባሩ ላይ ስድስቱ የጉልምስና መስመር በምላጭ የተቆረጠ ኑዌር ወንድ ሆኗል፤ ይኸው ይበቃዋል። «በአውራጃችን ወንጀል የሚሠራው ጎልማሳው ነው» የሚለውን ሪፖርቱንም የሚያወጣው ከዚሁ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄ ልጅ ነው» አለች እናቱ ኛኬር። «ንጉሥ ሲወርድ ሆዴ ውስጥ ነበር። አባቱ ሞተ፣ ቤት ወንድ የለም። ቶሎ ቆረጥነው።»

አላመናትም። እሷም መዳፏን ዘርግታ የልጁን ግንባር ሸፈነችው። ከመዳፏ ሥር የቀረው የሕፃን ፊት ነበር።

ሃምሳ አለቃው ደንግጦ በመስኮቱ ወደ ግቢው ዞረ። የወህኒ ቤቱን መኪና የሚጠብቁት እስረኞች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ባለ ስድስት መስመር። አውራ ጣቱን አነሣና ግንባራቸውን ከሩቅ አንድ በአንድ ይጋርድ ጀመር።

የመጀመሪያው ልጅ ነበር። ሁለተኛውም።