ከኮረብታው ጀርባ ያሉት

የመጨረሻው አጎበር ከቦንዳው ሲወጣ፣ ከማንጎው ሥር የቆመው ሰልፍ ገና ግማሽ አልደረሰም። የቀበሌው ሊቀመንበር ይኸነው ባዶውን ከረጢት ገልብጦ አራገፈውና ወደ ወርቅአየሁ ዞረ።

«አጎበር ጭኖ ከኋላ የቀረ አህያ አለ?»

«የለም፤ ይኸው ነው» አለች።

ወርቅአየሁ አጎበሩን ከወረዳ ይዛ የመጣች ሠራተኛ ናት። እንጅባራ አጠገብ፣ ብርድ አገር ስላደገች ወባን የምታውቃት ከትምህርት ቤት ደብተሯ ነው። ይህ መንደር ግን ቆላ ነው፤ በወረዳው ካርታ ላይ በሰሜን ጫፍ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ። ነዋሪዎቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎችና እዚሁ የወለዷቸው ልጆች ናቸው።

«ወረቀቱ ላይ ያለው አሥራ ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠና አምስት ሰው ነው» አለ ይኸነው ለተሰለፉት። «ለሁለት ሰው አንድ አጎበር። በቁጥሩ ልክ ነው የመጣው።»

ልጅ ያዘለች ሴት ከሰልፉ ወጥታ ቀረበች። ሲሀም ትባላለች። «እኛ ከኮረብታው ጀርባ ነን» አለች። «እዚያ ብቻ ከአርባ ቤት በላይ አለ። ይቺ ልጅ ባለፈው ወር ሁለቴ ታማብኛለች። ማን መጥቶ ነው የቆጠረን?»

«እኔ የተሾምኩት ከጥር ወዲህ ነው፤ አላውቅም። ኅዳር ላይ ቆጣሪ ተልኳል ነው የሚሉት።»

ወርቅአየሁ ወረቀቱን አጠፈችው። ከግርጌው ያለው ፊርማ የእሷ ነበር።

ኅዳር ላይ ልትቆጥር የመጣችበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ወደ ከተማ የምትመለሰው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች። ወርቅአየሁ ከወንዙ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በዛፎቹ መሀል የሚታያትን ጣሪያ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። በአምስት አባዛችው። ኮረብታውን አይታዋለች፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ግን ማንንም አልጠየቀችም። ሳምንት ሳይሞላት ረሳችው።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ይማም የደረሳቸውን ሁለት አጎበር ታቅፈው ከዛፉ ግንድ አጠገብ ቆመዋል። «እንግዲህ» አሉ፣ «ሌላ እስኪመጣ ከኮረብታው ጀርባ ያሉ ሕፃናት አጎበር ካለበት ቤት ይደሩ። እኔ ጋ አራት ይገባሉ። አንተስ አየነው?»

«ሦስት» አለ አየነው የሚባለው ገበሬ።

«እኔ ጋ ሁለት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

አንድም የተቆጣ ሰው የለም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቧት ለወርቅአየሁ ይቀላት ነበር።

«አባቴ» አለች፤ «ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።»

ይኸነው ዞሮ አያት።

«አውቄሻለሁ ልጄ» አሉ አቶ ይማም። «ዛሬ ጠዋት ወንዙን ስትሻገሪ ነው ያወቅሁሽ። ያን ቀን ወዲያ ማዶ ተቀምጠሽ ስትጽፊ አይተንሻል። ውሃው አስፈርቷት ይሆናል ብለን በቅሎ አስጭነን ሁለት ጎረምሶች ላክን። ሲደርሱ ሄደሻል። ምሳም ተሠርቶልሽ ነበር።» ከዚያም «ውሃው ነው አይደል?» ሲሉ ጠየቋት።

በሰው ሁሉ ፊት መውጫ እያበጁላት ነበር። የኅዳር ውሃ ማንንም አያስፈራም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ የቆሙትም ያውቃሉ። ወርቅአየሁ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች።

«አይደለም» አለች። «ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

አቶ ይማም አጎበሩን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሱም። ያፈሩት እሳቸው ይመስሉ ነበር።

«ዛሬ ቤት ለቤት እቆጥራለሁ» አለች ድምጿ እየሳሳ። «ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለወረዳው እጽፋለሁ። የጎደለውንም ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሲሀም ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለችና፣ «መንገዱ በዚህ ነው» ብላ ፊት ፊት ሄደች።

ኮረብታውን መውጣት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አናቱ ላይ ሲደርሱ ከታች ሸለቆው ተከፈተ፤ ለሰሊጥ የታረሰ ማሳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት መስጊድ፣ ከዳገቱ ሥር እስከ ዛፎቹ ጥግ የተበተኑ የሣር ቤቶች። ከነሱም አልፎ፣ ራቅ ብሎ፣ ሌላ ጢስ ይወጣል።

«ያ ደግሞ የማን መንደር ነው?» አለች ወርቅአየሁ።

«እሱም እኛ ነን» አለች ሲሀም።

ሲሀም ቤት ሲደርሱ በርጩማ አወጣችላት፤ ውሃም በጣሳ አመጣችላት። ወርቅአየሁ ውሃውን ተቀበለች፤ በርጩማው ላይ መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች።

«ስም?»

«ሲሀም ሰይድ።»

ጻፈችው። «በቤቱ ስንት ናችሁ?»

«ሰባት።» ሲሀም ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች። ፊደል አልቆጠረችም። «የቱ ነው እኔ?»

ወርቅአየሁ አሳየቻት። ሲሀም ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች፤ ቶሎም አላነሳችውም። ወርቅአየሁ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀች።