የበያጁ ቋንቋ

መምህር የሆነው የሚስቱ ወንድም ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ፣ «ያ የፈጠርከው ቋንቋ እንዴት ሆነ? ከብረቶችህ ሌላ የሚሰማው አገኘ?» ሲለው፣ በያጁ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ፈገግ አለ። እንደ ልማዱም በገዛ ቋንቋው፣ የአያቶች ብሎ በፈጠረለት ጥንታዊ ረዥም አነጋገር፣ «አንተ ባዶ ቅል» ብሎ መረቀው። የሚገባው ስለሌለ ሆዱ ቅቤ ጠጣ።

ከጓዳ የሴት ልጁ ሳቅ ተሰማ። በሩ ላይ ብቅ ብላ በዚያው ቋንቋ፣ ድምጾቹ በልጅ ልጅ አፍ ተሸርፈው እንዲያጥሩ እሱ በደብተሩ ላይ እንደወሰነው አሳጥራ፣ «አባዬ፣ አጎቴ እኮ ነው፤ ተወው» አለችው።

ፊቱ ጋለ። ለካ የስንት ዓመት ስድቡን ሁሉ እየገባት ስትሰማው ኖራለች። ሊቆጣት ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። «ምን አለችህ?» አለ እንግዳው። በያጁ ወደ እሷ ዞረ። በዚያ ቋንቋ እስከ ዛሬ ያናገረው ሰው አልነበረም።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ» አላት።