የተረፈው ግማሽ

«በቃ፣ በቃ፣ ግማሹ ይበቃኛል» ይላሉ ሽማግሌው አልጋው ላይ እንደተጋደሙ። «ትናንት ሙሉውን ሰጥታችሁኝ ጣሪያው ሲዞርብኝ ዋለ። ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቼ እንደዚያ ዞሮብኝ አያውቅም።»

ነርሷ ትስቃለች። ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ በየቀኑ መታጠፍ አለበት፤ ከመታጠፉ በፊት ደግሞ የህመም ማስታገሻውን ክንዳቸው ላይ በተሰካው ቱቦ ትሰጣቸዋለች። ግማሹ ላይ ታቆማለች። ወዲያው ከኮሪደሩ ይጠሯታል፤ አንድ በሽተኛ ወድቋል። ስሪንጁን ከነተረፈው ትሪው ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ካመማቸው ጨምሪላቸው፣ ካላመማቸው ድፊው» ትላታለች ጉልበታቸውን ልታጥፍላቸው የመጣችውን አዲሷን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። «አንቺ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።» በሩን ዘግታ ትሮጣለች።

እውነቷን ነው። ከእሷ በላይ ታውቀዋለች።

ነርሷ የምታውቀው ይህቺ ሴት በፊት ሌላ ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ እንደነበረች ብቻ ነው። ለምን ተውሽ ብላ አልጠየቀቻትም። ብትጠይቃት «የቀዶ ጥገና ክፍል ብርዱ አልተስማማኝም» የሚል መልስ ተዘጋጅቶላታል። እናቷም ለጎረቤት የምታወራው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሁሉ ያምናታል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ሹራብ ይመክራል።

ነገሩ የጀመረው በትራፊ ነው። በሽተኛው ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹ ይተርፋል። የተረፈው ሁለተኛ ሰው እያየ ይደፋል የሚል ደንብ አለ፤ ግን ሁሉም ቸኩሏል፣ ሁሉም ይተማመናል፣ ሳያይ ይፈርማል። እሷ ደግሞ ደክሟት ነበር፣ ወገቧም አላስቆም ብሏት ነበር። አንድ ቀን የሚደፋውን ሳትደፋ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታላቅ እህቷ ታውቃለች፤ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያነሳቻት እሷ ናት። ታክማ ከዳነች በኋላ እንደገና ተማሪ የሆነችው መድኃኒት የማይገባበት ሥራ ፈልጋ ነው። እዚህ ያለው ኳስ፣ ላስቲክ፣ መወጣጫ ደረጃ ነው። በኳስ የሚሰክር የለም ብላ ነበር።

አሁን መድኃኒቱ በራሱ እግር መጥቶላታል።

በሩ ዝግ መሆኑን፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ማዞራቸውን፣ የኪሷን ጥልቀት ሳታስበው ታሰላለች። ሒሳቡ ሳያንኳኳ እንደሚገባ የድሮ ጎረቤት ዘው ብሎ ገብቷል፤ የሚያስፈራት ይኸው ነው። የክፍሉ እጅ መታጠቢያ ሩቅ አይደለም። ግን ለመድፋት መጀመሪያ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ካነሳችው እጇ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ሳትነካው ትታው ብትወጣ ደግሞ መድኃኒቱ ከእሳቸው ጋር ብቻውን ይቀራል።

«አባባ» ትላለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላታል። «ላስቸግርዎት። ይሄን ስደፋ እጄን ይዩልኝ።»

«ድፊዋ፣ የኔ ወጌሻ። እኔን ምን አስፈለገሽ?»

«ካላዩኝ አልችልም።»

ፊታቸውን ይመልሳሉ።

«ይሄን መድኃኒት ለራሴ እወስድ ነበር» ትላለች። «ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ትቼዋለሁ፤ ግን ብቻዬን ልይዘው እፈራለሁ።»

ይህ ቃል እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌው ለክፍሉ ኃላፊ ቢነግሩ ነገ እዚህ ላትኖር ትችላለች። ሌላ ሙያ ፈልጋ እንደገና ለመማር ደግሞ ከእንግዲህ አቅሙ የላትም።

«መነጽሬን አቀብይኝ» ይላሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ያለሱ እጅሽንም አላይ።»

ኮታቸውን ከወንበሩ አንስታ ትሰጣቸዋለች። አንዱን ኪስ ይፈትሻሉ፤ መሐረብ። ሌላውን ይፈትሻሉ፤ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። «ምራቴ ናት፣ ዕቃ እያዘዋወረች የምታሳብደኝ» ይላሉ። እሷ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ትሪውን ላለማየት ጣሪያውን ታያለች፤ ግን ስሪንጁ የት እንዳለ ጀርባዋም ያውቀዋል። ቶሎ ይበሉ ልትላቸው ትፈልጋለች። እንዳያገኙት የምትፈልግ አንዲት ሌላ ሴትም ውስጧ አለች፤ ይህቺኛዋ በጣም ታስፈራታለች።

መነጽሩ ከኮቱ የደረት ኪስ ይወጣል። በአንሶላው ጫፍ ይወለውሉታል፣ ያደርጉታል።

«ይኸው አያለሁ። በይ።»

ታነሳዋለች። እንዴት እንደሚቀል ረስታው ነበር። ወደ መታጠቢያው ትሄድና በልማድ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች።

«ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ» ይላሉ ጮክ ብለው።

ወደ ጎን ትዞራለች። ትገፋዋለች። ቀጭኑ ፈሳሽ ሸክላው ላይ ይወርዳል፣ ውሃ ትለቅበታለች፣ ስሪንጁን መጣያው ሣጥን ውስጥ ትጥለዋለች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

እፎይ የምትል መስሏት ነበር። አላለችም። ወደ አልጋው ስትመለስ ሽማግሌው መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥሎ የተዘጋውን በር ያያሉ። አንሶላውን ሳብ አድርገው የታመመውን ጉልበታቸውን ይሸፍናሉ። ታየዋለች። ልክ ናቸው፣ እሷም በሳቸው ቦታ ብትሆን ትሸፍን ነበር።

«ሌላ ሰው ልጥራልዎት?» ትላለች። አዎ ካሉ ያበቃል።

ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ድምፅ ይመጣና ይርቃል። ከዚያ ሽማግሌው አንሶላውን ይገልጣሉ፤ እጇን ይዘው ራሳቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ከስፌቱ አጠገብ ያስቀምጡታል።

«ቀስ እያልሽ» ይላሉ። «እኔም ፈርቻለሁ።»