ስሙ የተቀባ ካርቶን

ደዴን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ያ ጥቁር ቀለም ነበር። ከቻይና የሚመጣላት የሳፋ ካርቶን ሁሉ የፋብሪካው ስም በቀለም ተደፍኖ ነው ወደብ ከተማዋ ሎሜ የሚደርሰው። የሚያስቀባው ደግሞ ፎሊ ነው፤ ከሱቋ መደዳ ካሉት ነጋዴ ሴቶች ገንዘብ ተቀብሎ ለፋብሪካው የሚከፍለው ላኪ ወኪል። ሴቶቹ ፋብሪካውን ካወቁት እሱን ማን ይፈልገዋል?

አንድ ቀን ፎሊ ገንዘቡን ሊሰበስብ ሱቋ ገብቶ ተቀመጠ፤ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ዳቪ፣ እህቴ፣ ቶሎ በይ። ፋብሪካው ዘንድሮም ዋጋ ጨምሯል።» ደዴ ከጉያዋ ብጣሽ ወረቀት አወጣች። «ይቺን መቀባት ረስተሃል። ሳፋው ውስጥ ነበረች፤ የፋብሪካው ስልክ አለባት።» ፎሊ ከት ብሎ ሳቀ። «ፈረንሳይኛ እንኳ ማንበብ ያቃተሽ ሴትዮ፣ ቻይንኛ ጀመርሽ? ፋብሪካው እኮ ወደ ውጭ የመላክ ፈቃድ የለውም! ያለ እኔ አንዲት ማንኪያ አትወጣልሽም።»

«ቁጥር አያቅተኝም፣ ደወልኩ» አለችው። «ፈቃድ እንደሌላቸው በአስተርጓሚያቸው ነገሩኝ። የሚያምኑትን ሌላ ላኪም ሰጡኝ፤ በእሱ በኩል ከፍያለሁ።»

«ይበሉሻል!»

«አንተ ስትበላኝ ማን ጮኸልኝ?»

ፎሊ ቦርሳውን ዘግቶ ተነሳ። «ለብቻሽ ብዪው። ጎረቤቶችሽ ይበቁኛል።» ደዴም ቁጥሩን ለብቻዋ ልትይዘው ነበር ያሰበችው። ይህን ሲላት ግን ቀድማው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ መደዳው ሁሉ እንዲሰማት፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጮኸች ጠራችው።