የደሳንካ መሸኛ

ደሳንካ ወታደር ልትሆን መሆኑን የተናገረችው አደንጓሬ እየለቀመች ነበር።

"ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ" አለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

አያቷ ስታኖይካ የያዙት ድስት ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

"ለምን?" አሏት።

"ስለፈለግኩ።"

አባቷ ራዶሚር ሳቀ። "ሴት ልጅ ጦር ሠፈር! ምን ልትሠሪላቸው? ሾርባ?"

"ሳቅ፣ አባዬ፣ ሳቅ። መሸኛዬን ግን ትደግሳለህ።"

"መሸኛ የወንድ ነው።"

"ጥይቱ ሴትና ወንድ ይለያል እንዴ? ድንኳኑ፣ ጥሩምባው፣ ጠቦቱ፣ ፎጣው፣ አንድም እንዳይጎድል። አለዚያ ሳልሰናበትህ እሄዳለሁ፤ መንደሩም ይስማ።"

በዚያ የሰርቢያ መንደር ወታደር የሚሸኘው እንደ ሙሽራ ነው። የተጠራ ሁሉ ይመጣል፤ የሚሄደው ላይመለስ ይችላልና። ጥልፍ ፎጣውን ትከሻው ላይ የሚያስርለት ደግሞ የአባቱ ታላቅ ወንድም ነው።

ስታኖይካ ድግሱ አልታያቸውም። ሐሳባቸው ልጅቷን ማስቀረት ብቻ ነበር። በማግስቱ ከአደንጓሬው ወጥ ግማሹን ይዘው ወደ ትልቁ ልጃቸው ወደ ቪቶሚር ሄዱ። ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ነገር ግን ወንድማማቾቹ በትራክተር ከተጣሉ ወዲህ መሐል ያለው በር በሚስማር ስለተመታ በመንገድ ዞረው ነው የደረሱት።

"አንተ ብትነግራት ትሰማለች" አሉት።

"ከዚያ ቤት የሚወጣ ነገር እኔን አይመለከተኝም" አለ ቪቶሚር። ከዚያ ወጡን ተቀበላቸው። "ለመሸኛው ግን እመጣለሁ። ሰው አይደለሁም እንዴ?"

ሱቁ ደጃፍ ላይ ወሬው ደርቷል።

"ደሞዙን ብላ ነው።"

"አይደለም፣ ያ የከተማ ልጅ ትቷት ነው።"

"ኧረ ተዉ! የዘንድሮ ወጣት ሌላ ምን ሥራ አለው?"

ጥሩምባ ነፊው ጣልቃ ገባ። "ባንዲራ ወዳ ቢሆንስ?"

ደሳንካ ዳቦዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። "ሁላችሁም ልክ ናችሁ። እሑድ መጥታችሁ እየበላችሁ ተከራከሩ።"

ቅዳሜ ዕለት ስታኖይካ ሻንጣዋን አልጋ ሥር ደበቁባት። በአንድ ጣት የሚነሳ ነበር። ደሳንካ አገኘችው፤ አልተቆጣችም።

"እማማ፣ ሻንጣ ጠፍቶበት የቀረ ወታደር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ወረቀቱን እንኳ አሳዪኝ። የት እንደሚወስዱሽ ልወቅ።"

"አይተሽው ታለቅሺያለሽ። ተይው።"

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ቪቶሚር ጥቁር ኮቱን ለብሶ በመንገድ ዞሮ ሲገባ ጥሩምባው ጸጥ አለ። ፎጣውን አነሳ። አባትየው አንዱን ጫፍ ካልያዘለት እሱም አያስርም።

"ያዝ" አለ፣ ወንድሙን ሳያይ።

ራዶሚር ያዘ።

"ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን" አለ ቪቶሚር፣ "አንተ ከአጥሩ ወዲህ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲያ ሆነን ልናለቅስ ነው?"

ራዶሚር አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። በአንድ ኮዳ የፕለም አረቄ ጠጡ፤ ሳይመሽም መዶሻ ይዘው ወጥተው የበሩን ሚስማር ነቃቀሉት። ስታኖይካ የበሩን ሲጥታ ሰምተው አለቀሱ። ይህን ቀን ስንት ዘመን ተመኝተውታል፤ በልጅቷ ይለወጥ ግን አላሉም።

ሰኞ ጠዋት አራቱም መንገድ ዳር ቆሙ። ስታኖይካ የልጅቷን እጅጌ ጨብጠው አልለቅም ብለዋል። አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ፎጣዋን አይቶ በሩን ከፈተ።

"ነይ እንጂ፣ ወታደር! ግቢ!"

"ሂድ፣ ጋሼ" አለች ደሳንካ፣ ፎጣውን ከትከሻዋ እየፈታች፤ "እኔ መች ተመዘገብኩና።"