የዮሃና ሰባት ቤት

«ከራስህ ጀምር፣ ኦፓ» ትላለች ዮሃና፣ ስልኳን አያቷ አገጭ ሥር ደግና። «እየቀዳሁህ ነው።»

እናቷ ፀዳለ በዓይኗ ትቆጣታለች። አቶ ወልደየስ አንተ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። ግን ሆላንድ ያደገ ልጅ ለትልቁም ለትንሹም ያለው አንድ አፍ ነው። እሳቸውም ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ እዚህ ዲመን፣ የአረጋውያን ቤት ከገቡ ወዲህ ምንም ቢሏቸው ፈገግ ማለት ነው።

እናትና ልጅ ቸኩለዋል። ቅዳሜ የቃልአብ ሽማግሌዎች ከሮተርዳም ይመጣሉ። ቃልአብ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዮሃናም ወዳዋለች። ችግሩ የሱም አያቶች የመንዝ ሰዎች መሆናቸው ነው። ቄሱ ነገሩን ገና ከደጃፉ ዘግተውታል፤ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ካልታወቀ ጋብቻ የለም። የቃልአብ ወገኖች ሰባቱን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የፀዳለ አምስት ላይ ይቆማል፤ አገር ቤት ደውላ የምትጠይቀው ሽማግሌም አልቀረላትም።

ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው። የሰው ዘር መቁጠር እንጀራዋ ሆኖ ሳለ! ዴን ሃግ ከተማ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጣ የድሮ ወረቀት እያገላበጠች፣ በሆላንድ አልፈው አሜሪካ የሰፈሩ እንግሊዞችን ለልጅ ልጅ ልጆቻቸው ትፈልጋለች። የአንዲት የቦስተን አሮጊት ቤተሰብ ብቻ ዓመታት ፈጅቶባታል።

ያኔ አባቷ አብረዋት ይኖሩ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ነይ ዘርሽን ልቁጠርልሽ፤ ነገ ልጅ ስትድሪ ትጠየቂያለሽ» ይሏታል። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳቀረቀረች «ቆይ አባባ፣ ይቺን ልጨርስ» ትላለች። ከዚያ እንዳይከፋቸው ያገኘችውን ትተርክላቸዋለች። እሳቸውም ወንበር ስበው አጠገቧ ይቀመጣሉ። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ጨርሺ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«ዮሃና የፀዳለ» ይላሉ አሁን፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ እያደረጉ። «ፀዳለ የኔ የወልደየስ። እኔ የተካልኝ። ተካልኝ የማንደፍሮ።»

«አምስት» ትላለች ዮሃና በሹክሹክታ።

ጣታቸው ይቆማል።

«ማንደፍሮ የይስሐቅ።»

ይስሐቅ! ምንጅላቷ ይስሐቅ የሚባል ሰው ኖሯል። በዚህ ዕድሜዋ ገና ዛሬ መስማቷ ነው፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል።

«ይስሐቅ የሳሙኤል።»

«ሰባት! ክላር! አለቀ!» ዮሃና ብድግ ብላ የአያቷን ግንባር ትስማለች። «አንተ እኮ ጀግና ነህ!»

ፀዳለ ግን ከመቀመጫዋ አትነሳም። ይስሐቅ የሳሙኤል። ይህን አወራረድ የሆነ ቦታ ታውቀዋለች።

ሽማግሌው አልጨረሱም። «ሳሙኤል የናትናኤል። ባሕሩን የተሻገረው ናትናኤል ነው።»

«ባሕር?» ትስቃለች ዮሃና። «መንዝ ባሕር አለ እንዴ?»

«ሸማኔ ነበር። ትንሿ ልጁ ታማበት፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ በመርከብ ሄደ። ምን ያድርግ።»

የቦስተኗ አሮጊት ቤተሰብ ነው። ከነሸማኔው፣ ከነመርከቡ። አፋቸው ላይ እንዲቀልላቸው ብላ ስሞቹን በአማርኛ እየጠራች የነገረቻቸው ራሷ ናት። ያን ሁሉ እሑድ የሷን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ሰምተዋታል። ደሙ የገዛ አባቶቻቸውን ስም ጠርጎ ሲወስድ፣ እነዚህን ትቶላቸዋል።

ዝም ብትልስ? ይስሐቅና ሳሙኤል መንዝም ሞልቷል፤ ማንም አይጠረጥርም። ዮሃና ለቃልአብ ልትደውል ስልኩን እየነካካች ነው፤ ፊቷ በርቷል።

«ሁለቱን አጥፊያቸው» ትላለች ፀዳለ። «የኛ አይደሉም።»

«የማን ናቸው ታዲያ?»

«የሥራዬ።»

ዮሃና ስልኳን ዝቅ ታደርጋለች። እናቷንና አያቷን በየተራ ታያቸዋለች። «ቅዳሜ ምን ልንል ነው፣ ማማ?»

ፀዳለ የኮምፒውተር ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ አልጋው ላይ ታኖራለች። ወንበሯን ስባ ጉልበቷ የአባቷን ጉልበት እስኪነካ ትጠጋለች።

«አባባ፣ አሁን ሥራ የለኝም። ልሰማዎት ነው የመጣሁ። ማንደፍሮ የማን ልጅ ነው?»

አባቷ የሆነ ነገር ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ይፈታል።

«ያቺ ሸማኔው ትቷት የሄደው ልጅ ተገኘች?»

«አልተገኘችም፣ አባባ።»

«ውይ፣ ልጄን።» እጃቸውን ወደ አልጋው ይዘረጋሉ። ቦርሳውን አንስተው ቀስ ብለው ጭኗ ላይ ይመልሱላታል። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ጨርሺ። እኔ የት እሄዳለሁ?»