እንግዳው ሳይቀምስ

የሹሙ መኪና በር ሲከፈት ደጉ ጋቢውን አደግድጎ ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆሟል። የሚናገረውን ሳምንቱን ሙሉ በልቡ ሲያመላልሰው ነው የከረመው። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ወደ ከተማ ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ ክሊኒኩ ከፋሲካ ወዲህ እንደተቆለፈ ነው። ለትምህርት ቤቱ ይመጣል የተባለው አስተማሪም እስከ ዛሬ ዓይኑ አልታየም። ልጆቻችን በተቅማጥ እያለቁ ነው። ይኸው ነው፤ ረጅም ነገር አይደለም።

ከኋላው ልጁ የሺመቤት የተቆለፈውን የክሊኒክ በር ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗን ሉሉን ታቅፋለች። ሉሉ ከትናንት ጀምሮ ስታለቅስ እንባ እንኳ አይወጣትም። ጠዋት የሺመቤት ልጄን ከሹሙ እግር ሥር እጥላታለሁ ብላ ስትነሣ ደጉ ነው የመለሳት።

«እንግዳ ከመኪና ሳይወርድ ሙሾ አይወረድበትም» አላት። «መጀመሪያ ይግባ፣ ይቅመስ። ከዚያ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ባይቀምስስ አባየ?»

«የማይቀምስ እንግዳ የት አይተሻል?»

እውነቱን ነው፣ አላየም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ቆላ ተነሥተው፣ መተማን በእግራቸው ተሻግረው እዚህ የስደተኞች ካምፕ የገቡ ሰዎች ናቸው። በአገራቸው እናቱ የሞተችበት መንገደኛ እንኳ መርዶ የሚነገረው በልቶ ካደረ በኋላ ነው። ለዚህ ሰውዬም ከየቤቱ ራሽን ላይ እፍኝ እፍኝ ምስር ተዋጥቶ ወጥ ተሠርቷል። ጠግቦ ከበላ ወራት ያለፈው ሕዝብ ነው የሠራው፤ ጣቱን የላሰ የለም።

ከገዳሪፍ ከተማ የመጣው ሹም ወረደ። ጤናውም ትምህርቱም በእሱ እጅ ነው ይባላል። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ በምሥራቅ በኩል የጠቆረውን ደመና ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። የዚህ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው ጎማ ይውጣል፤ ከዚያ ወዲያ ክረምቱ እስኪያልፍ ወደ ካምፑ የሚገባም ከካምፑ የሚወጣም የለም። ከመኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ከተጫኑት ጆንያዎች መሀል አንድ ጎልማሳ የቆርቆሮ ሣጥን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰላም አለይኩም! ኬፍ ሓልኩም? ተማም?» አለ ሹሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ ነው የሚል» አለ ከማሉ። ሻይ ሻጭ ነው፤ ዐረብኛ አሳምሮ ስለሚያውቅ ለካምፑ የሚያስተረጉመው እሱ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» አለ ደጉ።

«ልጆቹስ?» አለ ሹሙ በከማሉ አፍ።

«ደህና፣ ተመስገን።»

«ክሊኒኩስ? ትምህርት ቤቱስ?»

ለደጉ ጥያቄው ያለ ጊዜው መጣበት። የሹሙን ጫማ አየ፤ የመንገዱ አቧራ እንኳ አልተራገፈለትም። ሰውዬው ውኃ አልጠጣም፣ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ እንዴት አድርጎ የሞቱትን ሕፃናት ቁጥር በቆመበት ይጭንበታል?

«ሁሉም ደህና ነው። ይግቡ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ። ጨዋታው ከዚያ ይደርሳል።»

ከማሉ ዞር ብሎ አየው። አፉን ሊከፍት ፈለገ፤ ግን ሽማግሌ የተናገረውን ማረም የእሱ ድርሻ አይደለም። እንዳለ ተረጎመው።

ሹሙ ፈገግ አለና ወደ ትምህርት ቤቱ ዳስ ተመለከተ። ብዙ ልጆች ቋሚውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንድም የሚንጫጫ የለም። ክሊኒኩ ስለተዘጋ የታመሙትን ያኖሯቸው እዚያ ነው። «ማሻላህ፣ ሥርዓት ያላቸው ተማሪዎች ናቸው» አለ። ጥቂት ቢራመድ ኖሮ ሽታው ይነግረው ነበር። አልተራመደም። ጠይቅ ተብሎ የተላከ ሰው ጠየቀ፣ ተመለሰለት፣ በቃው። መንግሥት እንዲህ አድርጎ ነው የሚጠይቀን።

ሹሙ ለሾፌሩ የሆነ ነገር ተናግሮ ተመልሶ ተሳፈረ። የከማሉ ፊት አመድ መሰለ። የደጉን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

«አያ ደጉ! ከኋላ ያለው አዲስ ድሬሰር ነው! ለካምፖቹ ሁሉ ያለን እሱ ብቻ ነው፣ የባሰበት ካምፕ እንተወዋለን አለ። እነዚህ ደህና ናቸው፣ ወደሚቀጥለው እንሂድ አለ!»

«ሳይበላ?» አለ ደጉ።

ከአፉ የወጣው ይህ ነው። የሺመቤት ሰማችው። ልጇን እንዳቀፈች አባቷን ብቻ አየችው፤ ያን አስተያየት ከሚያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ያኔ ነው ደጉ የሮጠው። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ አልመለሰውም። «ቆዩ! ደህና አይደለንም! ዋሽቼ ነው፣ ደህና አይደለንም!» ከማሉም ሹሙን ቁም ሲል «ያ ሙዲር! አጊፍ!» እያለ ተከተለው፤ ሞተሩ ግን የሁለቱንም ድምፅ ዋጠው። ከየጎጆው ሰዉ ወጣ፤ እጁን እያነሣ፣ እየተጣራ፣ ከሽማግሌው ኋላ ጎረፈ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች አቧራው ላይ ወረዱ።

ባለ ሣጥኑ ጎልማሳ ድንገት ዞሮ አያቸው። በዚህ ሁሉ መንገድ እንዲህ የሸኘው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ፊቱ በራ። እጁን በመስኮቱ አወጣና መኪናው ከማሽላው እርሻ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ቻው እያለ አወዛወዘላቸው።